ከአባትህ ሳንዱቅ ስለወጡት ዝንጉርጉር ጃኬቶች

ወንድሜ ጥያቄህን አይቼዋለሁ፣ ሶስት ያረጁ ዝንጉርጉር የወታደር ጃኬቶች አሉኝ፣ ሁለቱ ከሟች አባቴ ሳንዱቅ የወጡ ናቸው፣ ሶስተኛውን ሐሙስ ገበያ ከልባሽ ነው የገዛሁት፣ ሰዎች የአሜሪካ ናቸው ይሉኛል፣ የየት አገር ናቸው ስንትስ ያወጣሉ ነው ያልከው። እኔ እዚሁ ጅማ መርካቶ ልባሽ ጨርቅ ስሸጥ ነው የኖርኩት፣ ከቦንዳ ውስጥ የወታደር ነገር ሲወጣ መጀመሪያ ለራሴ ነው የማየው፣ ስለዚህ የማውቀውን ልንገርህ።

ከሁሉ በፊት እንዳታጥባቸው። በረኪና፣ ሙቅ ውሃ፣ ካውያ ምናምን አታስነካቸው፣ ምክንያቱም ዋናው ማስረጃ ውስጥ ያለችው ጨርቅ ማርካ ላይ በቀለም የታተመው ፅሁፍ ነው፣ እሱ ደግሞ በአንድ እጥበት ሊጠፋ ይችላል። የኛ አገር እርጥበት ሻጋታ ካስያዘው ጥላ ላይ ሰቅለህ ካደረቀ በኋላ በለስላሳ ብሩሽ አራግፈው፣ በቃ።

ሁለተኛ፣ በዝንጉርጉሩ ብቻ የየት አገር ነው አትበል። ሰዎች አይተው የአሜሪካ ነው ያሉህ አረንጓዴ ቡኒ ጥቁር ስላዩ ነው፣ ግን ዉድላንድ የሚባለውን የአሜሪካኖቹን ጥለት ስንቱ አገር ቀድቶ ለብሶታል፣ ለፋሽን የሚሰሩትም ያትሙታል። ጥለቱ የሚነግርህ መጀመሪያ ማን እንዳወጣው ነው እንጂ ያንተን ጃኬት ማን እንደሰፋው አይደለም።

የሚነግርህ ቁጥሩ ነው። ማርካው ላይ 8415 ብሎ የሚጀምር ረጅም ቁጥር ካለ ከሱ ቀጥሎ ያሉትን ሁለት አሃዞች እይ፣ 00 ወይም 01 ከሆነ አሜሪካ፣ 12 ጀርመን፣ 14 ፈረንሳይ፣ 15 ጣሊያን፣ 99 እንግሊዝ ነው። የአሜሪካ ሆኖ ቁጥሩ አስራ ሶስት ሳይሆን አስራ አንድ አሃዝ ብቻ ከሆነ ደስ ይበልህ፣ የአገር ኮዱ የገባው እ.ኤ.አ. በ1974 ስለሆነ አሮጌ ነው ማለት ነው። ከዛ ደግሞ የኮንትራት ቁጥር ፈልግ፣ ዲኤስኤ (DSA፣ ለአሜሪካ ጦር ዕቃ የሚገዛው መሥሪያ ቤት) 100 ብሎ ቀጥሎ 67 ካለ እ.ኤ.አ. የ1967 በጀት ዓመት ውል ነው፣ ዲኤልኤ (DLA፣ የዚያው መሥሪያ ቤት የኋላ ስሙ) ካለ እ.ኤ.አ. ከ1977 ወዲህ ነው። ዓመቱ የውሉ ነው፣ ጃኬቱ ትንሽ ቆይቶ የተሰፋ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ አባትህ እንምጣ፣ ወታደር ከነበረ እዚህ ላይ ነው በደንብ እንድታስብ የምፈልገው። ጦራችን እስከ 1969 ዓ.ም. ድረስ በብዛት የሚታጠቀው ከአሜሪካ ነበር፣ ከዛ በኋላ ፊቱን ወደ ሶቭየት አዞረ። ኤም 65 የሚባለው የአሜሪካኖቹ የወታደር ጃኬት በዉድላንድ ጥለት ደግሞ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። ስለዚህ ሳንዱቁ ውስጥ ያለው ዉድላንድ ከሆነ በንጉሡ ጊዜ ለአባትህ የታደለ ሊሆን አይችልም፣ በኋላ የገዛው ወይ ሰው የሰጠው ነው። ውስጡ ላይ በሩሲያ ፊደል የተመታ ማህተም፣ 48 እና አጠገቡ ትንሽ የቁመት ቁጥር ካለ ግን የሶቭየት ስለሆነ ከዘመኑ ጋር ይሄዳል።

ማርካው ከተቀደደ ወደ ዚፑ ሂድ። ኤም 65 ላይ በድሮዎቹ አሉሚኒየም ነው፣ ቀጥሎ ናስ፣ በኋለኞቹ ትልልቅ ጥርስ ፕላስቲክ። ግን ዚፕ ይቀየራል፣ ዳሩን እይ፣ ባዶ የመርፌ ቀዳዳ ካለ ልብስ ሰፊ ነክቶታል። ኮሌታው ውስጥ የተጠቀለለ ቆብ መኖር አለበት፣ ትከሻው ላይ ማሰሪያ የሌለው ኤም 65 ካጋጠመህ የመጀመሪያዎቹ ስለሆነ አትልቀቀው። ጀርመኖቹ ነጠብጣብ ያለውን ሲሰሩ ክንዱ ላይ ትንሽ ባንዲራ ይሰፋሉ፣ ባንዲራው ተነቅሎ እንኳ ምልክቱ ይቀራል። ሱቅ ያሉ ልጆች ፎርጂድ ብር በሚያዩበት ሰማያዊ መብራት ክሩን እየው ይሉሃል፣ አዲስ ክር ያበራል እውነት ነው፣ ግን በአሁኑ ዘመን ሳሙና የታጠበ አሮጌ ክርም ስለሚያበራ በሱ ብቻ አትወስን።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ዉድላንድና የጀርመኑ ነጠብጣብ በገፍ ስለተመረቱ የሚገዛህ በአብዛኛው ሊለብሰው ነው፣ ሰፋፊው ሳይዝ ቶሎ ይሄዳል፣ ትንሹ ይቀመጣል። ሰብሳቢ የሚከፍለው ማርካው የሚነበብ፣ ቁልፉ የራሱ የሆነ፣ ያልጠበበና ያልታጠረ ሲሆን ነው። ኢንተርኔት ላይ ሻጩ የጠራውን ዋጋ አትመን፣ ኢቤይ ላይ የተሸጡትን ብቻ ለይተህ እይ፣ ልዩነቱ ሰፊ ነው። የስም ጨርቅ ተሰፍቶበት ካገኘህ ንፁህ ይሁን ብለህ እንዳትነቅለው፣ በተለይ የአባትህ ስም ከሆነ እኔ ብሆን በምንም ዋጋ አልሸጠውም።

አንድ ነገር ግን በጣም ተጠንቀቅ፣ ከሶስቱ አንዱ አሁን መከላከያ የሚለብሰው ሬንጀር ከሆነ አትልበሰው ለገበያም አታቅርበው፣ በህግ ያስጠይቃል። የውጩንም ቢሆን መንገድ ላይ ለብሰኸው አትውጣ፣ የሚያስቆምህ ሰው የየት አገር እንደሆነ አይለይልህም።

የማርካውን፣ የዚፑን ጭንቅላትና የኮሌታውን ውስጥ በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ ቀረብ አድርገህ አንሳና ልቀቅ፣ የሳንዱቁን ሁለቱን ለብቻ የገበያውን ለብቻ አድርገው፣ አንድ በአንድ እናያቸዋለን።