በስልክ የፈረደችው ዳኛ የእውነት ዳኛ ናት ወይ?

ሰላም እህቴ፣ አዲስ አበባ ሕግ ተመርቀሽ አሁን ሲያትል ኬርጊቨር (አረጋዊ ወይ ታማሚ ተንከባካቢ) ሆነሽ እንደምትሰሪ፣ አክስትሽ ደግሞ አንኢምፕሎይመንት (ሥራ ላጣ ሰው የሚከፈል ድጎማ) ተከልክላ አፒል (ይግባኝ) ስትል አንዲት ዳኛ በስልክ ሰምታ እንደፈረደችላት ጽፈሽልኛል። «የእውነት ዳኛ ናት ወይ፣ እኔስ እዛ መድረስ እችላለሁ?» ነው ያልሽው።

አዎ ዳኛ ናት፣ የምትሰራው ግን ፍርድ ቤት አይደለም። አድሚኒስትሬቲቭ ሎው ጃጅ ነው የሚባሉት፣ በመንግሥት መስሪያ ቤት ውሳኔ ላይ የሚቀርብ አፒል የሚሰሙ ዳኞች ናቸው፣ ዋሽንግተን ስቴት እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጣው ሕግ ለብቻው የተቋቋመ ቢሮ አላቸው፣ ማለት አክስትሽን የከለከላት መስሪያ ቤት አለቃቸው አይደለም፣ የቢሮውን ዋና ዳኛ የስቴቱ ገዢ ለ5 ዓመት ይሾማል ሴኔቱ ያጸድቃል። ይሄን ቀላል ነገር እንዳታደርጊው፣ ከልካዩ ራሱ ፈራጅ ቢሆን ማን ጋ ይኬድ ነበር? ደሞ ዳኛዋ የመስሪያ ቤቱን ፋይል አይታ ዝም ብላ አታጸድቅም፣ ምስክር አስምላ ትሰማለች፣ ነገሩን እንደ አዲስ ታየዋለች፣ የምትወስነውም መዝገብ ላይ በገባው ማስረጃ ብቻ ነው። አሰሪው «በጥፋቷ ነው ያባረርኳት» ካለ ማስረዳት ያለበት እሱ ነው እንጂ እሷ አይደለችም። ብዙ የኛ ሰው ግን ይሄን ስለማያውቅ የአፒሉን 30 ቀን ያሳልፋል፣ ወይ በሂሪንጉ (ጉዳዩ በሚሰማበት) ቀን ስልክ ላይ አይገኝም፣ አስተርጓሚ በነፃ እንደሚመደብለት እንኳን የሚነግረው የለም፣ በጣም ነው የሚያሳዝነኝ።

ወደ አንቺ ስመጣ፣ መንገዱ ረጅም ነው ግን አለ። የጥብቅና ፈቃድ ያስፈልግሻል፣ ውጭ ሕግ የተማረ ሰው እዚህ ኤልኤልኤም (የሕግ ማስተርስ) ሰርቶ ዋሽንግተን ላይ ባር (የጥብቅና ፈቃድ ፈተና) መፈተን ይችላል፣ ከዛ በኋላ የዓመታት ልምድ ነው። እስከዛው ግን ቁጭ ብለሽ አትጠብቂ፣ እንደዚህ አይነት ሂሪንግ ላይ ጠበቃ ያልሆነ ሰውም ባለጉዳይ ወክሎ መቅረብ ይፈቀድለታል፣ ነፃ የሕግ አገልግሎት የሚሰጡ ድርጅቶች ጋ ሄደሽ በጎ ፈቃደኛ ልሁን በያቸው፣ አማርኛሽ እዛ ትልቅ ሀብት ነው።

ዛሬ ማታ ደሞ አክስትሽን አስፈቅጂና የተጻፈላትን ውሳኔ አንብቢው። መጀመሪያ ዳኛዋ እውነት ነው ብላ የተቀበለችው ፍሬ ነገር በቁጥር በቁጥር ተዘርዝሯል፣ ቀጥሎ ሕጉ፣ ከዛ ድምዳሜው። እያንዳንዱ ቁጥር ጎን በየትኛው ማስረጃ እንደተደገፈ ጻፊና ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።