የተለየ የወሲብ ፍላጎት መቼ ነው ሕመም የሚባለው?

«ጫማ ሳይ ስሜቴ ይነሳል፣ የአእምሮ ሕመምተኛ ነኝ ማለት ነው?» ላልከው፣ በዚህ ብቻ አይደለህም። የአሜሪካ ሳይካትሪ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው፣ ዲኤስኤም-5 በተባለው የአእምሮ ሕመሞች መለያ መጽሐፍ ፍላጎቱንና ሕመሙን ለይቷቸዋል። ለየት ያለ ፍላጎት ስላለህ ብቻ ሕመምተኛ አትባልም።

ሐኪሙ የሚያየው ሌላ ነገር ነው። ፍላጎቱ ቢያንስ 6 ወር ቆይቷል? እያስጨነቀህ ወይም ኑሮህን እያበላሸ ነው? ለምሳሌ ሌሊቱን ሙሉ የጫማ ፎቶ ስትፈልግ አድረህ ሥራ የምትቀር ከሆነ፣ ወይም ያለ ጫማው ከትዳር ጓደኛህ ጋር መሆን ካቃተህና ይህ ካስጨነቀህ፣ ነገሩ ሌላ ነው። ጭንቀቱ «ሰው ቢያውቅብኝ ምን ይለኛል» ከሚል ፍርሃት ብቻ የመጣ ከሆነ ግን ለብቻው ሕመም አያሰኝም። እውነቱን ለመናገር፣ ብዙዎቻችንን የሚያሳምመን ይሉኝታው ነው።

ፍላጎቱ ያልፈቀደን ሰው ወይም ሕፃንን የሚነካ ከሆነ ግን ቀልድ የለም። ድርጊቱ ወንጀል ነው። ሐሳቡ ብቻ ቢሆንም እንኳ፣ ምንም ሳይፈጠር ዛሬውኑ ሐኪም ማነጋገር ያስፈልጋል። የንግግር ሕክምና አለ፣ አንዳንዴም መድኃኒት ይታዘዛል።