የአቪዬሽን ሕጉ ካልታደሰ አውሮፕላን ይቆማል ወይ?

ወንድሜ፣ «የአሜሪካ ኮንግረስ የአቪዬሽን ሕጉን በጊዜው ካላደሰ በረራ ይቆማል ወይ?» ብለሃል። ይህ ሕግ የአገሪቱ የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት ለተወሰኑ ዓመታት እንዲሠራና ገንዘብ እንዲያወጣ የሚፈቅድ ነው። ካልታደሰ በረራው አይቆምም፤ የሚቆመው የአውሮፕላን ማረፊያ ግንባታው ነው።

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2011 የሆነውን ተመልከት። ከ2007 ጀምሮ በአጫጭር ማራዘሚያ ሲንገታገት የቆየው ሕግ በክርክር ምክንያት ሳይራዘም ቀረ። የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ወደ 4,000 የሚጠጉ ሠራተኞቹን ያለ ደመወዝ ወደ ቤት ሰደደ፤ የአውሮፕላን ማረፊያ ሥራዎች ባሉበት ቆሙ። የበረራ ተቆጣጣሪዎች ግን ከማማቸው አልወረዱም። የሚያናድደው የትኬቱ ነገር ነው። ከትኬት ላይ ግብር የመሰብሰብ ሥልጣኑም አብሮ ስለተቋረጠ መንግሥት በቀን 30 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲያመልጠው፣ አብዛኞቹ አየር መንገዶች ዋጋቸውን በዚያው ልክ ከፍ አድርገው ልዩነቱን ኪሳቸው ከተቱት። ተሳፋሪው ምን አተረፈ? ከሞላ ጎደል ምንም።

ዘላቂው ሕግ የጸደቀው ከ23 ማራዘሚያ በኋላ፣ በየካቲት 2012 ነው። የ2018ቱም ሕግ ጊዜው በመስከረም 2023 ካለፈ በኋላ ተተኪው የተፈረመው በግንቦት 2024 ነው፤ ካነታረኳቸው ነገሮች አንዱ በዋሽንግተኑ ሬገን ማረፊያ አምስት የደርሶ መልስ በረራ ይጨመር አይጨመር የሚል ነበር! የአሁኑ እስከ 2028 የበጀት ዓመት መጨረሻ ይዘልቃል።

እኔን የሚያሳስበኝ ሕጉ ጨርሶ ከመቋረጡ ይልቅ በአጫጭር ማራዘሚያ መጓተቱ ነው። በረዶ በሚበዛበት ክልል ያለ ትንሽ ማረፊያ አስፋልት የሚያነጥፍበት ወቅት አጭር ነው፤ የጥቂት ወር ገንዘብ ብቻ ተማምኖ ከተቋራጭ ጋር ትልቅ ውል አይፈራረምም።