ከጣርማበር ወዲህና ወዲያ፦ የሞተር ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት የመጡት ጥያቄዎች አብዛኞቹ ካምሻፍት ላይ ተሰብስበዋል። ምን እንደነካችሁ አላውቅም። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ። አንዱ ስምንት ገጽ ነበር፤ ስድስቱ ገጽ ስለ አማቹ ነው።

ካምሻፍትና ክራንክሻፍት አንድ ናቸው? (ከአረርቲ)

አይደሉም። ክራንኩን የሚያዞረው የፒስተን ግፊት ነው፤ ካሙ ደግሞ ቫልቭ፣ ማለት የአየር መግቢያና የጭስ መውጫ በሩን፣ ይከፍታል። ክራንኩ ሁለቴ ሲዞር ካሙ አንዴ ይዞራል።

ደብረ ብርሃን የሚያድር ሾፌር፦ ጠዋት ሳስነሳው ለጥቂት ሰከንድ ቀጭ ቀጭ ይልና ዝም ይላል። ካምሻፍቱ አልቆ ይሆን?

በዚህ ብቻ አልቋል አይባልም። ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በዚያ ብርድ ያደረ ሞተር ነው። ዘይቱ ሌሊቱን ወደ ቋቱ ወርዶ ወፍሯል፤ ላይ እስኪደርስ ትንሽ ይቆያል። አንተም በዚያ ሰዓት ከጋቢህ ስትወጣ ጉልበትህ ይንቋቋል። ሞተሩ ከሞቀም በኋላ ድምፁ ካልጠፋ ያኔ ጻፍልኝ። እስከዚያው እንደተነሳ ነዳጅ አትስጠው።

የሸዋሮቢት የሲኖትራክ ባለቤት ናቸው። መኪናው ማሾና ሽንኩርት ጭኖ ጣርማበርን ወጥቶ ደብረ ብርሃን ሲቆም፣ ሚኒሞ ላይ፣ ማለት ነዳጅ ሳይሰጡት ቆሞ ሲዞር፣ የዘይት መብራት ይበራል። ነዳጅ ሲሰጡት ይጠፋል። የዘይት ፓምፕ ተቀይሯል፤ የክራንክ ቤሪንግም ተቀይሯል፤ ለውጥ የለም። የአንዱ ቫልቭ ክፍተት ደግሞ በተስተካከለ ቁጥር ተመልሶ ይሰፋል። አሁን አንድ ወዳጃቸው «ወፍራም ዘይት ጨምርበት፣ ይተኛልሃል» ብሏቸዋል።

ይተኛል። የሚተኛው ግን ለዘላለም ነው።

መጀመሪያ መብራቱን አይመኑት። ዘይት ጠቋሚው የታሰረበት ቦታ ላይ የእጅ ጌጅ ታስሮ፣ ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ ይለካ። ጠቋሚው ራሱ ተበላሽቶ ስንት ሞተር በከንቱ ተፈቷል።

ጌጁም ዝቅ ካለ ወደ ካምሻፍቱ ቡሾች፣ ካሙ ወደሚዞርባቸው ቀለበቶች፣ እንሂድ። እርስዎ የመስኖ አገር ሰው ነዎት፤ ነገሩ ይገባዎታል። ፓምፑ የሚሰጠው ውኃ ያው ነው። ቦዩ መሐል መሐሉ ላይ ከተሸነቆረ ግን ዳር ያለው ሽንኩርት አይጠጣም። የዘይት ግፊት ማለት ዘይቱ ለማምለጥ የሚቸገረው መቸገር ነው። በካሙና በቡሹ መካከል ያለው ክፍተት የአንድ ጸጉር ውፍረት ቢሆን ነው። ሲበላ ዘይቱ በዚያ ይፈስሳል። ዳገቱን ሲጨርሱ ደግሞ ዘይቱ ግሎ ቀጥኗል፤ ሚኒሞ ላይ ፓምፑ ቀስ ብሎ ይዞራል፤ ስለዚህ መብራቱ ይበራል። እርስዎ ፓምፑን ቀየሩ፣ የታችኛውን ቤሪንግ ቀየሩ፤ የላይኛውን ሽንቁር ግን ማንም አላየውም።

የቫልቩ ክፍተት ተመልሶ መስፋቱ ሁለተኛው ምልክት ነው። ካሙ ቫልቩን የሚገፋበት እብጠት እየተፋቀ ሲሄድ ክፍተቱ ይሰፋል፤ ቫልቩም በቂ አይከፈትም። ይህን በግምት አይወስኑ። ሰዓት መለኪያ (ባለ ቀስት መለኪያ) ፑሽሮዱ ላይ፣ የካሙን ግፊት ወደ ቫልቩ በሚያደርሰው ዘንግ ላይ፣ ተደግኖ ሞተሩ በእጅ ይዙር፤ የአንዱ አነሳስ ከሌሎቹ ካነሰ ነገሩ አለቀ።

አሁን ወደ መራራው ነገር። በሲኖትራክ ላይ በብዛት የሚገኘው ደብሊው ዲ 615 ሞተር ካሙ ብሎኩ፣ ማለት የሞተሩ ዋና አካል፣ ውስጥ ነው። ቡሾቹ ሙሉ ቀለበት ናቸው፤ ብሎኩ ውስጥ ተጠቅጥቀው ነው የሚገቡት። በደንብ ለመቀየር ሞተሩ ይወርዳል፣ ክራንኩም ይወጣል። «ሳላወርድ እቀይርልዎታለሁ» የሚል ካለ ሻይ ጋብዘው ይሸኙት።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ጎልማሳ ሳለሁ አንድ የጭነት መኪና ሞተር ላይ ቡሽ እኔው ጠቅጥቄ አስገባሁ። ቡሹ ላይ የዘይት ቀዳዳ አለ፤ ብሎኩ ላይ ካለው ቀዳዳ ጋር ገጥሞ መቀመጥ አለበት። እኔ ስመታው ቡሹ ትንሽ ዞረ። ቀዳዳው ግማሽ ጨረቃ ሆኖ ይታይ ነበር። «ይበቃዋል» አልኩ። መሽቶ ነበር፤ እርቦኝም ነበር። መኪናው ደብረ ሲናን ሳያልፍ ቆመ። ሞተሩን ስንፈታው የካሙ አንገት፣ ቡሹ ውስጥ የሚዞረው ክፍሉ፣ በሙቀት ሰማያዊ ሆኗል፤ ቡሹም ካሙ ላይ ተጣብቆ አብሮ ዞሯል። ግማሽ የነበረው ቀዳዳ ጭራሹን ጠፍቷል። ባለቤቱ አንድም ቃል አልተናገረኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ቡሽ ከገባ በኋላ ቀጭን ሽቦ በዘይቱ ቀዳዳ አስገብቼ በሌላ በኩል ሲወጣ ካላየሁ እጄን አልታጠብም። እርስዎም ሲሠራ ቆመው ይህን ይጠይቁ፦ «ሽቦውን አሳየኝ።» ሜካኒኩ ይቆጣ ይሆናል። ይቆጣ።

ሌሎቹን ቶሎ ልበል። በአንዳንድ ሞተር የፊቱና የኋላው ቡሽ ስፋታቸው ይለያያል፤ ሳይለካ አይገባ። ካሙ ሲገባ ብሎኩ ቢቆም ይመረጣል፤ ተጋድሞ ከገባ እብጠቶቹ አዲሱን ቡሽ ይቧጭራሉ። ከገባ በኋላ በሁለት ጣት መዞር አለበት። ከጠነከረ በብርጭቆ ወረቀት እንዳይፈገፍግ፤ ቶርኖ ቤት፣ ብረት ወደሚቀረጽበት፣ ይሂድ። ከኋላ በቮላኖው (በክራንኩ ጫፍ ባለው ከባድ ጎማ) በኩል ያለው ትንሽ ክዳንም አዲስ ይሁን። አሮጌው ዘይት ካፈሰሰ ፍሪሲዮንዎን ያጥባል፤ ከዚያ እንደገና ማውረድ ነው።

የካሙንና የክራንኩን ጥርሶች የሚያገጣጥሙትን የታይሚንግ ምልክቶች ግን ልምድ የሌለው እጅ አይንካ። እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም። በናፍጣ ሞተር አንድ ጥርስ ቢዘል ቫልቭና ፒስተን ሊጋጩ ይችላሉ። የሞተሩን ዓይነት በእጁ ፈቶ የሚያውቅ፣ የሞተሩ መጽሐፍ ያለው ባለሙያ ፈልጉ።

አንዲት እናት ከመሐል ሜዳ። ባለቤታቸው የተዉላቸው አይሱዙ አለ። ሜካኒኩ «ካምሻፍት ለመቀየር ሞተር መውረድ አለበት» ብሎ ከፍ ያለ ዋጋ ጠይቋቸዋል። እያጭበረበረኝ ነው ወይ?

እትዬ፣ ለሸዋሮቢቱ ሰውዬ «ማውረድ ግድ ነው» ማለቴን አይተው እንዳይደነግጡ። የርስዎ ሌላ ነው። አራት ኤች ኤፍ አንድ የሚባለው የአይሱዙ ሞተር ከሆነ፣ ካሙ ያለው ከላይ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ላይ ነው። ካምሻፍት ለመቀየር ብቻ ሞተር አይወርድም። ምናልባት ሰውዬው ሌላ ችግር አይቶ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ከመጣላትዎ በፊት «ለምንድነው የምታወርደው?» ብለው ይጠይቁት። መልሱ ውስጥ «ልማዱ ነው» የሚል ቃል ከሰሙ ሌላ ጋራዥ ይሂዱ።

ተለማማጅ፦ ጋሼ፣ አሮጌውን ቡሽ በመሮ መትቼ ባወጣው ምን አለበት? አዲሱንስ ቶርኖ ቤት በነሐስ ባሠራው?

በመሮ ብሎኩን ትቧጭራለህ፤ የተቧጨረ ቀዳዳ ቡሽ አጥብቆ አይዝም። የማውጫ መሣሪያውን ተዋስ። ከሌለ ልኩ የሆነ ባለ ደረጃ ብረት አስቆርጥና በእሱ ግፋ። ማሠራቱ ይቻላል፤ አሮጌዎቹ ፊያቶች ስንት ዓመት በዚያ ኖረዋል። ግን ቶርኖው ላይ ያለው ሰው የዘይት ቀዳዳውን ማውጣት እንዳይረሳ። ረስቶ አይቻለሁ።

አዲስ ካም ገዛሁ፤ በካሙ እብጠት የሚገፉት ታፔቶች ግን ደህና ስለሚመስሉ አሮጌዎቹን መለስኳቸው። (ከዓለም ከተማ)

ሳይቸግር ጤፍ ብድር። ጠፍጣፋ ታፔት ከአሮጌው ካም ጋር ተፋቅሮ የኖረ ነው፤ አዲሱን ይበላዋል። አውጣቸው። ከመነሳቱ በፊትም ዘይቱ እስከ ላይኛው ክፍል ይድረስ፤ ከዚያ ሚኒሞ ላይ ሳታቆመው ሃያ ደቂቃ ያህል መካከለኛ ዙር ላይ ከፍ ዝቅ አድርገው።

ጣርማበርን በዜሮ ማርሽ ብወርድ ነዳጅ እቆጥባለሁ?

አትውረድ። ፍሬንህ ግሎ ሲለቅ የቆጠብከው ነዳጅ ገደል ውስጥ ይገኛል።

ወገቤን ያመኛል፤ ከመሪው ነው ወይስ ከወንበሩ?

ሐኪም ጋ ሂድ። እኔ የማውቀው የብረት ወገብ ነው።

ከአንኮበር፦ አባቴ የተዉልኝ ኤንትሬ ፊያት ግቢ ቆሞ ሣር በቅሎበታል። ሞተሩን ላሳድሰው ወይስ በብረት ዋጋ ልሽጠው?

በስታርተር እንዳትሞክረው፤ የቆመ ሞተር መጀመሪያ በእጅ ነው የሚዞረው። ደግሞ ለማንም ቃል እንዳትሰጥ። ቅዳሜ እቤት ትኖራለህ?