ፒርና ማር የእናቴን ሳል ያድኑልኛል?

ጥያቄ፦ እናቴ ከአገር ቤት ቨርጂኒያ ከመጣች ሦስት ወሯ ነው። አምስት ሳምንት ሙሉ ትስላለች፤ ሌሊት ያልባታል። ስኳርም አለባት። ኮሪያዊት ጎረቤታችን እንዳሳየችኝ የእስያ ፒር ከማርና ከዝንጅብል ጋር በእንፋሎት እያበሰልኩ እሰጣታለሁ፤ ከሻንጣዋ የተገኘ አሞክሳሲሊንም ጀምራለች። በቀን አንድ ፒር ይበዛባታል? ልጆቼ በእሷ ማንኪያ ቢቀምሱስ?

መልስ፦ ፒሩ አይጎዳቸውም፤ ትኩስ መረቁ ጉሮሮ ያለሰልሳል። አናቱን እንደ ክዳን ቆርጠው ዘሩን በማንኪያ ያውጡ፤ ታቹን ከበሱት ግን ጭማቂው ይፈስሳል። ሁለት ሦስት ስስ ዝንጅብል ከተው፣ ከድነው፣ ጎድጎድ ባለ ሳህን ከ40 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት በእንፋሎት ያብስሉት። ይህ ፒር ጠጣር ስለሆነ በ15 ደቂቃ ካወጡት መሀሉ ጥሬ ነው። ስኳር ላለበት ሰው ማሩ ይቅር፦ 275 ግራም የሚመዝን ፒር ብቻውን 20 ግራም ያህል ስኳር አለው፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 17 ይጨምርበታል። በአንድ ጊዜ ግማሹ ይበቃል። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ካለ ማር የገባበትን፣ የበሰለም ቢሆን፣ አይቅመስ።

አሁን ወደ ማንኪያው። የፈሩት ቲቢን ይመስለኛል፤ መፍራትዎም ትክክል ነው። ግን ቲቢ በማንኪያ፣ በብርጭቆ፣ በአንድ ትሪ በመብላት አይተላለፍም። የሚተላለፈው የታመመ ሰው ሲስል ወይም ሲያወራ በሚበተን አየር ነው። ስንት ቤት ለእናት የተለየ ሲኒ ተቀምጦላቸው፣ ማታ ግን መስኮቱ ተዘግቶ የልጅ ልጅ አቅፈው ይተኛሉ! ሲኒ መለየት ሰው ከማሳዘን በቀር የሚከላከለው ነገር የለም። መስኮቱን ይክፈቱ፤ እስኪመረመሩ ብቻቸውን ይተኙ፤ ሲስሉ አፋቸውን በክንዳቸው ወይም በሶፍት ይሸፍኑ።

አምስት ሳምንት ግን ለምን ተጠበቀ? ሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል፣ በዚያ ላይ የሌሊት ላብና ስኳር፣ «ብርድ መቷት ነው» ተብሎ አይታለፍም። አሞክሳሲሊን የቲቢን ጀርም አይገድልም፤ ለጉንፋን ሳልም አይሠራም። የሻንጣ መድኃኒት ይቁም፤ ፓኬቱን ለሐኪሙ ያሳዩ።

በዚህ ሳምንት የደረት ራጅና የአክታ ምርመራ ያድርጉ። ኢንሹራንስ ከሌላቸው ለካውንቲው ጤና መምሪያ ይደውሉ። ቀጠሮ ሲይዙ ቲቢ እንደጠረጠሩ ይንገሩ፣ ማስክም ያድርጉላቸው። ሳሉ ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ቲቢ ከሆነም ይድናል፤ የተለመደው ሕክምና ስድስት ወር ነው፣ ተላላፊነቱም መድኃኒት ከተጀመረ በኋላ ቶሎ ይቀንሳል። ቲቢ መሆኑ ከተረጋገጠ ልጆቹም ይመርመሩ፤ ከአምስት ዓመት በታች ያለው ይቅደም። ደም ከተፉ ወይም ትንፋሽ ካጠራቸው ቀጠሮ አይጠብቁ፤ 911 ይደውሉ።