ሦስተኛውን መርፌ ትወጋ ወይስ ትተወው?

ጥያቄ፦ እናቴ 62 ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ካመማት ቆየ፤ ራጅ ተነስታ “አጥንቱ ተበልቷል” ተባለች። ጉልበቷ ላይ ሁለቴ ተወግታለች። በመጀመሪያው ድና ቤተ ክርስቲያን ስትሰግድ ከረመች፣ ሁለተኛው ግን ወርም አልቆየላት። አሁን ሦስተኛ ልትወጋ ነው። ፊዚዮቴራፒ ስላት “በዚህ ዕድሜዬ ስፖርት?” ብላ ትስቅብኛለች። እኔም ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ተረከዜን ሚስማር የረገጥኩ ያህል ያመኛል። ምን ይሻለናል? (ከአዳማ)

መልስ፦ በእናትሽ ልጀምር። የተወጉት ስቴሮይድ (እብጠትና ሕመም የሚያበርድ መድኃኒት) ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜም እሱ ነው፣ የገጠማቸው ነገር አዲስ አይደለም። ለጥቂት ሳምንታት ሕመሙን ያበርዳል፣ ያለቀውን ካርቲሌጅ፣ ማለትም የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነውን ለስላሳ ሽፋን፣ ግን አይመልስም። እንዲያውም በ2017 የታተመ የአሜሪካ ጥናት 140 ሰዎችን ለ2 ዓመት ተከታትሏል። ግማሾቹ በየ3 ወሩ ስቴሮይድ፣ ግማሾቹ ጨዋማ ውሃ ብቻ ተወጉ። በሕመም ልዩነት አልነበራቸውም፤ ስቴሮይድ የተወጉት ግን ካርቲሌጃቸው ይበልጥ ሳስቶ ተገኘ። ስኳር ካለባቸው ደግሞ ከመርፌው በኋላ ለጥቂት ቀናት ከፍ ሊልባቸው ስለሚችል ለሐኪሙ ይንገሩ።

አሁን ስፖርት ወዳሉት እንምጣ። በ2020 በወጣ ሌላ ጥናት 156 ታማሚዎች ለሁለት ተከፍለው መርፌና ፊዚዮቴራፒ ሲወዳደሩ፣ ከዓመት በኋላ ሕመማቸው ይበልጥ የቀነሰውና መንቀሳቀስ ይበልጥ የቀለላቸው ፊዚዮቴራፒ የሠሩት ናቸው። ደግሞ ቱታ ለብሶ ሩጫ የለበትም! ከወንበር እጅን ሳይደገፉ መነሳትና መቀመጥ፣ ወይም በጀርባ ተኝቶ የሚያመውን እግር ቀጥ አድርጎ ከፍ ማድረግና ትንሽ ማቆየት ነው፣ የጭን ጡንቻ ሲጠነክር ጉልበቱ ላይ ያለው ጫና ይቀንሳልና። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንሽ ቢያማቸው አትደንግጪ። መንበርከኩን ለጊዜው ይተዉት፣ የንስሐ አባታቸው የሚከለክሏቸው አይመስለኝም።

“ጉልበቱን በካሜራ እንጠበው” የሚል ሰው ከመጣ ገንዘባችሁን ያዙ። በ2002 የታተመ የሂዩስተን ጥናት ቆዳቸው ብቻ ተቀዶ ከተሰፋላቸው ሰዎች የተሻለ ውጤት አላገኘበትም። ጉልበት መቀየር ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ በደንብ ከተሠራ ከ10 ሰው የ8ቱ 25 ዓመት ገደማ ያገለግላል። እሱን መጨረሻ ላይ አስቡት።

የአንቺ ተረከዝ ብዙውን ጊዜ በዓመት ውስጥ በራሱ ይሻለዋል። ማፍጠን ከፈለግሽ ፎጣ ጠቅልለሽ ደረጃ ጫፍ ላይ ከጣቶችሽ ሥር አድርጊና፣ በአንድ እግር ቀስ ብለሽ ተነሺ፣ ቀስ ብለሽ ውረጂ፣ ቀን እየዘለልሽ። ዴንማርክ ውስጥ ሲሞከር በ3ኛው ወር እግርን ከማሳሳብ የበለጠ ረድቷል፣ በ12ኛው ወር ግን ሁለቱም እኩል ሆነዋል። ሲሚንቶ ላይ በባዶ እግር አትሂጂ፣ ያቺን ያለቀች ነጠላ ጫማም ጣያት። ተረከዝ ላይ መርፌ እንዳትቸኩዪ፤ እፎይታው የአንድ ወር ያህል ነው፣ አልፎ አልፎም የውስጥ እግርን ጅማት ይበጥሳል።