መልስ፦ የሰራሁት የካሜራ ስላይደር ለምን ይንቀጠቀጣል?
ወንድሜ፣ «በመሳቢያ ሀዲድ የሰራሁት ስላይደር (ቪዲዮ ስትቀርጽ ካሜራውን ቀጥ አድርጎ የሚያንሸራትተው ዕቃ) ይንቀጠቀጣል» ላልከው ችግሩ ሀዲዱ ነው፣ ውስጡ ያሉት ኳሶች በጣም ትንንሽ ስለሆኑ አቧራ ሲነካቸው ይንገጫገጫል። እኔ 1 ሜትር የሆኑ ሁለት ቀጥ ያሉ የአሉሚኒየም ቱቦዎች ጎን ለጎን ጣውላ ላይ አስሬ፣ ካሜራው ለሚቀመጥበት ጋሪ ደሞ 608 የሚባለውን ኩሽኔታ (ስኬትቦርድ ጎማ ውስጥ ያለው፣ ቀዳዳው 8 ሚሊ፣ ውጪው 22) በ45 ዲግሪ አዘንብዬ ገጠምኩት፣ ቱቦውን ከሁለት በኩል ስለሚይዘው አይወላገድም።

ዋናው ነገር ግን ጋሪውን በእጅህ እንዳትገፋው!! ላስቲክ እሰርበትና ላስቲኩን ቀስ ብለህ ሳበው፣ የእጅህን መንቀጥቀጥ ይውጠዋል። በሰከንድ 60 ፍሬም (ምስል) ቀርጸህ ኤዲት ላይ ወደ 24 ስታወርደው ደሞ 2.5 እጥፍ ስለሚዘገይ የቀረችው መንቀጥቀጥም ብዙ አትታይም። ዘይት አትቀባው፣ አቧራ ይሰበስባል፣ በደረቅ ጨርቅ ጥረገው በቃ።